ከአያትሽ የደረሰኝ አበባ

ይድረስ ለልጄ፣

ባለሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ የሰማሁት ሳልሽ አልጣመኝም፤ ሐኪም ይይልሽ።

አያትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቷ ለአጎትሽ ሆነ። አልጋ ላይ ስትውል ያገላበጥኳት እኔ፣ የደረሰኝ ግን አበቦቿ ናቸው። «አንቺ አበባ ትወጃለሽ» አለኝ፣ ያሰበልኝ መስሎ። ቤቱን ቆልፎት ስለከረመ መስኮቱ ሥር ደርቀው አገኘኋቸው። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር፤ እሷ «ልጆቼ» ነበር የምትላቸው።

መንገድ ዳር ችግኝ ለምትሸጠው ሴትዮ ወሰድኳቸው። አብዛኞቹ አልቆላቸዋል። የአንዷን ግንድ በጥፍሯ ፋቅ ብታደርገው ግን ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ይቺ ጄራንየም ናት፤ አልሞተችም፣ ተጠምታ ነው» አለችኝ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ አፈሯን ቀይሬ፣ ውሃ እየመጠንኩ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አኖርኳት። አቆጠቆጠች፤ ኋላም አበበች።

ባለፈው እሑድ አጎትሽ መጣ። ቅጠሏን አሽቶ አሸተተና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እማዬን እማዬን ትሸታለች። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ ልውሰዳት» አለኝ።

«ቤቱን ስትወስድስ እማዬ ትዝ አላለችህም?» አልኩት።

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም፤ ግን አልጠራሁትም።

የነካሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አጎትሽ ደውሎ «አስታርቂን» ቢልሽ፣ እሺ እንዳትይው። እኔ ገና ነኝ።

እናትሽ