የነገራ ሁለተኛ ዓይን

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ነገራ፤ ጅማ።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ዝናብ ሲመጣ የሚጠዘጥዝዎት ጥርስዎ እንዴት ሆነ? ባለቤትዎ እትዬ በየነችስ? ትንሿ ልጅዎ አፍ ፈትታ መሳደብ ጀመረች ወይስ ገና በለቅሶ ላይ ናት? እኛ ከእርስዎ ናፍቆትና ከጣሊያን በቀር የሚያመን ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናታችንም ደኅና ናቸው። የሚሰሙት ቀንሷል፤ የሚናገሩት ግን እንደ ነበረ ነው።

የጻፍሁልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ በስንት ዓይን ልሣልዎት? ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

የቤታችንን ታሪክ በሥዕል ልሠራ ተነሥቻለሁ። አባታችን የቀለም ቀንዳቸውን አንጠልጥለው መቱ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ፣ እሳቸው የቅዱሳንን ገድል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአራት ማዕዘን እየከፋፈሉ እንደሣሉት፣ በወረቀት ላይ ተራ በተራ ይሰለፋል። ከየሥዕሉ ሥር ሁለት መስመር ጽሕፈት ይኖረዋል። እናታችን «ቅዱስ ባልሆነ ሰው ላይ ይህን ሁሉ ቀለም?» ይላሉ፤ ግን የእሳቸው ሠርግ የሚወጣበትን ገጽ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ወረቀቱን የሚያቀርብልኝ መንግሥት ነው። ጣሊያን በየግድግዳው አዋጅ ይለጥፋል፤ የመቱ ዝናብ ደግሞ አዋጅ አያከብርም፣ ያረግፈዋል፤ እኔ እለቅማለሁ። ፊቱን ለእሱ ትቼ በጀርባው እሥላለሁ።

መጽሐፉን ሳልጀምር የእያንዳንዱን ሰው መልክና ቀለም በቁራጭ ወረቀት እየሞከርሁ ነው። ለአባታችን ቀለም ስፈጭ ሥራውን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያወቅሁት መፍጨቱን ብቻ ኖሯል። ጥቁሩ የድስት ጥላሸት ነው። ቀዩን አፈር ከሶር ወንዝ ዳር ቆፈርሁ፤ ቢጫው እርድ ነው። አረንጓዴው ግን እንቢ አለኝ፤ በጎመን ውኃ ቀባሁትና በሦስተኛው ቀን የኢሉባቦር ጫካ በሙሉ በእጄ ደረቀ። ቀለሙ እንዲይዝ ብዬ የሁሩሙ ማር ብጨምርበት ጉንዳን መጥቶ የአያታችንን ጢም ግጦ ሄደ። አያታችን ያለ ጢም መልከ መልካም ናቸው፤ እንዲያው ልተዋቸው ይሆን? በመጨረሻ በእንቁላል አስኳል ያዘልኝ።

ሰማያዊውን ነጋዴው ነዚፍ ከጋምቤላ በቡሬ በኩል አመጣልኝ፤ ነጭ ልብስ የሚነከርበት ዱቄት ነው። «አንቺ ልጅ፣ እኔን እንዳትሥዪኝ፤ በሃይማኖቴ አይሆንም። በቅሎዬን ከሣልሽ ግን አደራ ሁለት ዓይን አድርጊላት፤ ከሁለታችን ጻድቋ እሷ ናት» አለኝ። ነዚፍ ሙስሊም ሆኖ ሳለ የአባታችንን ሕግ ያውቃል። እርስዎ ጅማ ገብተው ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ከሐዲና ክፉ ሰው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል።

እኔም በሕጉ መሠረት የኛን ገዥ፣ ካፒቴኑን፣ በጎኑ ሣልሁት። ለአፍንጫው ቀዩን አፈር አልሰሰትሁም። ታዲያ አንድ ቀን የሰዓሊ ልጅ አለች ብለውት ኖሮ በራችን ላይ ከነአስተርጓሚው ቆሞ አገኘሁት። ቁራጮቼ ሁሉ እንዲደርቁ መደቡ ላይ ተሰጥተዋል። እናታችን «ማል ጎና! ምን ይሻለናል!» ብለው ነጠላቸውን በሥዕሎቹ ላይ ጣል ሊያደርጉ ሲሉ ቀደማቸውና የራሱን ሥዕል አነሣ። አየው፣ አየው፣ ከኪሱ አንድ ሊሬ አውጥቶ ከሥዕሉ አጠገብ ያዘው። ለካስ በሊሬው ላይ ያለው ንጉሣቸውም በጎኑ ነው! «እንደ ንጉሣችን አድርጋኛለች» ብሎ አመሰገነኝ፤ ለመሥሪያ ቤቱም በትልቁ እንድሥልለት አዘዘ። አስተርጓሚው፣ የኛው አገር ልጅ፣ ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። አስተርጓሚ ዝም በማለትም ሰው እንደሚያድን ያን ዕለት አየሁ።

አሁን ሥዕሉ ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል። ለጉዳይ የሚገባው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያይና ሳቁን ለመደበቅ እስከ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። ካፒቴኑም እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ አይቼ አላውቅም ይላል አሉ።

ለምስጋናው አሥራ ሁለት ቀለም ያለበት የቆርቆሮ ሳጥን ሰጠኝ። ጋሼ፣ አረንጓዴውን ቢያዩት! ተቀበልሁ። ከተቀበልሁ በኋላ ግን እጄን ደጋግሜ አየሁት። ከጣሊያን እጅ ቀለም የተቀበለች ሴት በስንት ዓይን ትሣላለች? አልወሰንሁም፤ ለጊዜው ራሴን ከጀርባዬ ሥያለሁ።

የእርስዎን ቁራጭ ግን አምስት ጊዜ አበላሸሁ። ከዳሪሙ ተይዘው እርስዎ ለጣሊያን ወደሚያስተረጉሙበት ፍርድ ቤት ከተወሰዱት ሁለት ሰዎች ኢቲቻ ተመልሷል። «ዳኛውን በኦሮምኛ አባቱን አንሥቼ ሰደብሁት፤ ነገራ ፊቱን ሳይለውጥ ‹ምሕረት ይለምናል› ብሎ ተረጎመልኝ፤ ለቀቁኝ» እያለ በየገበያው ይምላል። ይህን ስሰማ ሦስተኛ ዓይን ልጨምርልዎ ምንም አልቀረኝም። መገርሳ ግን አልተመለሰም። ሚስቱ ሁሩሙ ገበያ ላይ ባየችን ቁጥር ፊቷን አዙራ ታልፋለች፤ ብትሰድበን ይሻለን ነበር። ለእሱስ ምን ብለው ተረጎሙለት? ሞክረው አልሆነም? ወይስ ያለውን እንዳለ ነገሩበት? ቀልዴን እዚህ ላይ አቁሜያለሁ። ልፈርድ አይደለም፤ ማወቅ ነው የምፈልገው።

እናታችንን ብጠይቃቸው «ሁለቱንም ሣዪለት፤ ካላጠፋ ያይበታል፣ ካጠፋ ያለቅስበታል» አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው፤ እናት እንጂ ሰዓሊ አይደሉም። እኔ ፊት ለፊት አድርጌዎት የቀኙን ዓይን ጨርሻለሁ፤ የግራው ቦታ ነጭ ነው።

ደብዳቤዬን ነዚፍ በበቅሎዋ ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ያደርስልዎታል፤ መልሱንም ለእሱ ይስጡልኝ። የካፒቴኑን አፍንጫ ምስጢር ከመቱ ውጪ የሚያውቁት እንግዲህ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለአለቆችዎ ከተረጎሙላቸው ወሬው በወታደር እጅ ይደርሰኛል፤ ያን ጊዜ ጥያቄዬ ተመለሰ ማለት ነው።

እትዬ በየነችን ይሳሙልኝ። ትንሿን ሳላያት በሁለት ዓይን ሥያታለሁ፤ ለእሷ ማንንም አልጠየቅሁም። እናታችን ጉልበትዎን በቅቤ ይታሹ ብለዋል። ኢቲቻ እጅ ነሥቷል። የመገርሳ ሚስት ምንም አልላከችም።

ለግራ ዓይንዎ ያስቀመጥሁት ጥቁር ከቤታችን ድስት የተፋቀ ጥላሸት ነው፤ የጣሊያኑን ሳጥን አላስነካሁትም።

እህትዎ ተስፋነሽ

መቱ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.