የአሰልጣኝ ኡርጌ መርጋ የጠዋት ስም ጥሪ (1971–2017 ዓ.ም.)

ሐሙስ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ ኦቦ ዱጋሳ ለማስታወቂያው የሚሆን ነገር ሊጠይቁ መጥተው የሟችን ታላቅ ወንድም አቶ ጋሮማ መርጋን በር ላይ አገኟቸው። "ምን ያህል ጊዜ ታመሙ?" ብለው ጠየቁ። አቶ ጋሮማም "አመመኝ ብላ አታውቅም" አሉ። ኦቦ ዱጋሳ የሰሙትን በቅንነት ይዘው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በእድሩ ቴሌግራም ላይ "ሳይታመሙ በድንገት" የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ለቅሶ የመጣውም ሰው ሁሉ ያንን አንብቦ መጣ። አቶ ጋሮማ ያሉት ግን ሌላ ነው። ኡርጌ ታመው ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ታመው ነበር። ያላደረጉት ነገር ቢኖር መናገር ነው። ይህ የሕይወት ታሪክ በመጀመሪያ ያንን ያርማል።

አሰልጣኝ ኡርጌ መርጋ ከአባታቸው ከኦቦ መርጋ ኤጄታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየሽ አመዩ መጋቢት 9 ቀን 1971 ዓ.ም. በሐሮ ወንጪ ተወለዱ። አባታቸው ሰውና እህል በጀልባ ሐይቁን የሚያሻግሩ ሰው ነበሩ። ኡርጌ ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ አባታቸውን በመቅዘፍ ያግዙ ነበር። በዚያ ጀልባ ላይ አንድ ሕግ ነበር፤ የሚቀዝፍ ሰው ደከመኝ አይልም፤ ካለ ተሳፋሪው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ተሳፋሪ ደግሞ ጀልባ ይገለብጣል። ለጀልባ ትክክለኛ ሕግ ነው። ኡርጌ ግን ከጀልባው ከወረዱ በኋላም ይዘውት ኖሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በ1986 ዓ.ም. ወደ አምቦ መጡ፤ በአክስታቸው ቤት ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በትምህርት ቤቶች ውድድር በ800 ሜትር ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በስፖርት ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው ባኮ ተመደቡ፤ በዚያም ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ። በቆሎ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ኦሊቃ ጋር በ1993 ዓ.ም. በባኮ ጋብቻቸውን ፈጽመው ኢፋንና መቲን ወለዱ። በ2001 ዓ.ም. ተዛውረው ወደ አምቦ ተመለሱ፤ በክረምት ትምህርት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በመምህርነት አገልግለዋል።

በ2007 ዓ.ም. በራሳቸው ተነሳሽነት በከተማው ዳር ባለው ሜዳ የሴቶች የሩጫ ቡድን አቋቋሙ። ሰባት ልጆች ነበሩ። ልምምዱ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመር ነበር።

ቀጥሎ ያለውን መዝለል እንችል ነበር፤ አንዳንድ ዘመዶቻችንም እንዲዘለል መክረውናል። ኡርጌ ራሳቸው ግን ለእያንዳንዷ አዲስ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይነግሩት የነበረ ነገር ስለሆነ እኛ አንደብቀውም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ኡርጌ ልጆቹን ያሠለጠኑት በጀልባው ሕግ ነው። አመመኝ ያለች ልጅ አንድ ዙር ይጨመርባታል። ሁለተኛ ካለች ወደ ወንጪ በሚወጣው ዳገት ብቻዋን ትላካለች። ለስላሳ የሆነች ልጅ "ሙዝ" ትባል ነበር። ቃሉን ያወጡት አሰልጣኟ ናቸው፤ ያሰራጩት ልጆቹ ናቸው። "ሙዝ መጣች! ላጧት!" ይባባሉ ነበር። ወላጆች ይህን ያዩ ነበር። ይስቁ ነበር፤ "ጎበዝ፣ አጠንክሪልን" ይሏቸው ነበር። ጠንካራ ልጅ የማይፈልግ ወላጅ የለም። ጥንካሬው ከምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. በተደረገ የ3000 ሜትር ውድድር፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ዱሬቲ መጨረሻው ዙር ላይ ስትመራ ቆይታ መድረሻው መስመር ላይ ለመድረስ መቶ ሃምሳ ሜትር ሲቀራት ወደቀች። የቅልጥሟ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ እንደተናገረው አጥንቱ መሰንጠቅ ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ስድስቱንም ሳምንት ሮጣበታለች። ኡርጌ አቅፈው ወደ መኪናው ሲወስዷት ልጅቷ አንገታቸውን ይዛ "አሰልጣኝ፣ አሁንም ሙዝ ነኝ?" አለቻቸው።

ዱሬቲ ከዚያ በኋላ አልሮጠችም። ዛሬ በጉደር በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ዛሬም እዚህ በመካከላችን አለች። ኡርጌ በየዓመቱ በዚያ ቀን እቤቷ ሄደው ይጠይቋት ነበር። "ይቅርታ ልትጠይቀኝ ትመጣና እኔ ምሳ አብልቼ እሸኛታለሁ" ትል ነበር ዱሬቲ።

ኡርጌ ከዚያ ውድድር በኋላ ለሁለት ወር ቡድኑን በተኑት። ሲመለሱ አንድ ጥቁር ልባስ ያለው ደብተር ይዘው ነበር። ስም ጥሪው የተጀመረው ያኔ ነው። ስሟ የተጠራ ልጅ "አቤት" አትልም፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ የሚያማትን ትናገራለች። የሚያማት ከሌለ "ምንም" ትላለች። የምትፈራው ካለ እሱንም በስሙ ትጠራለች፤ ተጋጣሚዋን ከሆነ ተጋጣሚዋን፣ አባቷን ከሆነ አባቷን። ሁሉም ይጻፋል። እውነት የተናገረች ልጅ ከቡድን አትወጣም፤ ልምምዷ ይለወጥላታል እንጂ። ዋሽታ የተገኘች ግን ያን ሳምንት ሳትሮጥ የሌሎቹን ሰዓት ይዛ ትቀመጣለች።

ይህን ቀላል የሚመስለው ሰው ሞክሮት አያውቅም። ኡርጌ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ "ሕመም መቻልን በሬም ያውቅበታል። ልታሰናብትሽ በምትችል ሰው ፊት ቆመሽ እዚህ ጋ ያመኛል ማለት ግን ልምምድ ይፈልጋል። በየቀኑ እንለማመደዋለን።" ልጆቹ ሌላም ብዙ ነገር ተለማመዱ። ያለ ሰዓት መሮጥን፣ ጓደኞቻቸው እየተሳለቁባቸው መነሻ መስመር ላይ ዝም ብሎ መቆምን፣ መጨረሻው ዙር ላይ ትንፋሽ መቁጠርን፣ ተሸንፎ የአሸናፊዋን እጅ መጨበጥን ተለማመዱ። በጭቃ ጊዜ ዳገቱን ይወጡት ነበር፤ ያም አልቀረም። ኡርጌ የዋህ አልሆኑም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ ብርታት መባሉ ቀረ።

ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ መንገድ በተዘጋበትና ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ጭምር፣ ከዚህ ሜዳ አምስት ልጆች ለአዲስ አበባ ክለቦች ተመርጠዋል። አጥንቷ የተሰበረ አንዲትም የለችም። አንድ ኃላፊ ግን ሊጎበኙ መጥተው ስም ጥሪውን ከሰሙ በኋላ "ልጆቹን አልቃሻ አደረግሻቸው" ብለው በልጆቹ ፊት ተናገሯቸው። በዚያ ዓመት ለቡድኑ ጫማ አልመጣም። ኡርጌ ለልጆቹ ያሉት "ሰውዬው የሚያማቸውን ስለማይናገሩ ነው፤ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይምጡ በሏቸው" ብቻ ነበር። ልጆቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

አሁን ወደ ሕመማቸው እንመጣለን።

ኡርጌ ለቆየ የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ይወስዱ ነበር። ክኒኑ ጨጓራቸውን አቆሰለው። ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ቁስሉ ይደማ ነበር። ክብደታቸው ሲቀንስ እኛ ቤተሰቦቻቸው አይተናል። በመስቀል ቀን ቀሚሳቸው ሲሰፋቸው "እንደ ልጃገረድ ሆንሽ እኮ!" ብለን ስቀናል። በጥቅምት ወር አንዲት ልጅ ጉንፋን ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ወጣቱ ባለሙያ "እርስዎስ? ፊትዎ ገርጥቷል" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉት። እሱ እንደ መልስ ተቀበለው። እሳቸው የሰጡት ግን ሰላምታ ነበር። በቤታችን "አከም ጅርቱ"፣ እንዴት ናችሁ፣ ለሚል ሰው "ነጋ፣ ገለተ ዋቀዮ"፣ ደህና፣ አምላክ ይመስገን፣ ይባላል፤ እጁ የተቆረጠም ሰው መጀመሪያ ይህን ይላል፤ ሕመሙ የሚነገረው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው። ባለሙያውን አንወቅሰውም። እሱ አንድ ጊዜ ጠይቋል። እኛ አንድም ጊዜ አልጠየቅንም።

ረቡዕ ኅዳር 11 ቀን ቤት ውስጥ ወደቁ፤ ጨጓራቸው ተበስቶ ነበር። ሐኪሞች የሚቻለውን ሁሉ አድርገው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአርባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሐኪሙ በጊዜ ቢመጡ ኖሮ በመድኃኒት ይድኑ እንደነበር ነግሮናል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተጠይቀናል። አላወጣነውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ስንሰበስብ ጥቁሩን ደብተር ከፈትነው። በየገጹ አሁን በቡድኑ ያሉት የአሥራ ሁለቱ ልጆች ስምና መልስ አለ። ከነሐሴ 27 ጀምሮ ግን ከአሥራ ሁለቱ በታች አሥራ ሦስተኛ ስም ተጽፏል። "ኡርጌ፣ ሆድ።" በማግሥቱም "ኡርጌ፣ ሆድ።" ስድሳ ስምንት ጠዋት። ለልጆቹ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ ያሉትን እሳቸው በእርሳስ ከታች ጽፈው ደብተሩን ይዘጉት ነበር። የመጨረሻው የማክሰኞ ነው፦ "ኡርጌ፣ ሆድ፣ መቆም ከበደኝ። ከእሑዱ ውድድር በኋላ ሐኪም።"

አቶ ጋሮማ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ "ሕመሟን ለማንም ሳትናገር በጽናት ተሸክማ" የሚል እንዲገባ ጠይቀው ነበር። ደብተሩን ሰጠናቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ "ይቅር፣ አታስገቡት" ብለው ወጡ።

በድንኳኑ ውስጥ ግን ያው ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ሲባል ሰምተናል። "ኡርጌ እኮ ወንድ ነበረች! አንድ ቀን እህ ስትል የሰማ አለ?" የሚሉ ነበሩ። "የድሮ ሰው ልብ ነው የነበራት፤ የዛሬ ልጆች ጥፍራቸው ሲነቀል ሐኪም ቤት ይሮጣሉ" ያሉም አሉ። ይህን የሚሉት እሳቸውን አክብረው እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ ልጆች እዚያው እጅ እያስታጠቡ፣ ሳህን እያነሱ ነበር፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ከመካከላቸው በእሑዱ ውድድር ትልቁ ተስፋ የተጣለባት አያንቱ ሐሙስ ማታ የግራ እግሯን እየሳበች ስትራመድ አይተን ምን ሆነሽ ብንላት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችን።

ስለዚህ እኛ ቤተሰቦቻቸው ዛሬ እዚህ የቆማችሁትን ሁሉ በትሕትና፣ ግን አጥብቀን እንለምናለን። ስለ ጥረታቸው አመስግኗቸው። ስለ ደብተሩ አመስግኗቸው። ዱሬቲን ይቅርታ በመጠየቃቸው አመስግኗቸው። ዝም በማለታቸው ግን አታመስግኗቸው። በዝምታቸው እኛ ተቆጥተናል። በእሳቸውም ተቆጥተናል፤ እንወዳቸዋለንና። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ልጆች ያስተማሩትን ለራሳቸው ነፈጉት፤ እኛም ነፈግናቸው። ዛሬ ያንን ብርታት ብለን ብንቀብረው እነዚህ ልጆች ነገ ጠዋት ይዘውት ይሮጣሉ።

አሰልጣኝ ኡርጌ እናታቸውን ወይዘሮ ባየሽን፣ ባለቤታቸውን አቶ ኦሊቃን፣ ልጆቻቸውን ኢፋንና መቲን፣ ወንድማቸውን አቶ ጋሮማን፣ ይህን የጻፈችውን የወንድማቸውን ልጅ ናኦሚን፣ ዱሬቲን፣ እንዲሁም አሥራ ሁለቱን ልጆች ትተው አልፈዋል። የጠራቸው ጌታ ለሰላምታ ብሎ ደህና ነኝ ማለት በማያስፈልግበት ቤት ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ሕመማቸውንም አንድ በአንድ ጠይቆ ይስማቸው። ለእናታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።

ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱ ልጆች ማንም ሳይጠራቸው ሜዳው ላይ ተገኙ። መቲ ደብተሩን ይዛ ስማቸውን ጠራች። አያንቱ ስሟ ሲጠራ "ግራ እግሬ፣ ከጉልበቴ በታች፣ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል" አለች። መቲ ጻፈችው። አያንቱ በእሑዱ ውድድር አትሮጥም።