ኮፍያ የተቀመጠበት ወንበር

ይድረስ ለእናቴም ለእህቴም ለሆኑት ለእትዬ አስካል፣ አሰላ።

እትዬ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ክረምት ሲመጣ የሚያነክስዎት ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ ልክ ገባ? መድኃኒቱን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ አንዳንድ ቀን እንደሚዘሉት ሰምቻለሁ። ማን ነገረህ አይበሉኝ፣ ነጋሪ አለኝ። አዲሱ ጣሪያ አላፈሰሰም? ላሚቱስ ወለደች? እኔ፣ ስሜነሽና ልጃችን አርያም ጤናችን ሙሉ ነው፤ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። ሙቀቱ ብቻ ገና በግንቦት እንደ ምጣድ እያደረገን ነው፤ የመኪና መሪ በባዶ እጅ አይያዝም።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ ቁም ነገር ስጀምር «በል ካርድህን አትጨርስ» ብለው ይዘጉብኛል። ካርድ የሚባል ነገር ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እርስዎ ግን ያው ነዎት። ቴሌ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የሰውን ወሬ ሲያገናኙ ኖረው የገዛ ወንድምዎን በሦስት ደቂቃ ያሰናብቱታል። ደብዳቤ አይዘጋም። ተክለማርያም የሚባል የሥራ ባልደረባዬ አገር ቤት ሊገባ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፣ ዋናው ነገር ከታች ነው።

ወሬው ይኸውልዎት፤ በዚህ ዕድሜዬ ቱሪስት ልሆን ነው። አይሳቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፓራዳይዝ በሚባለው የሆቴሎች ሰፈር አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ የቱሪስት ሻንጣ ስጎትት ኖሬያለሁ። የቱ ትርዒት እንደሚያምር፣ የቱ ምግብ ቤት ሆድ እንደማያሳምም ስንቱን መክሬ ልኬያለሁ። የእኔን ሻንጣ ግን አንድ ቀን ሰው ይዞልኝ አያውቅም። አሁን ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ መስከረም አሥር ቅዳሜ፣ ሎስ አንጀለስ ሄደን የቤዝቦል ጨዋታ እናያለን። በመኪና አራት ሰዓት ከምናምን ነው፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በረሃ ነው።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ ልንገርዎት። የገና ጨዋታን ያስቡት። ዱላም አለ፣ ኳስም አለ። አንዱ ኳሱን በእጁ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታው ይሞክራል፤ ከመታው ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። የቀረውን ጊዜ ሁሉም ቆሞ ይተያያል። ይህ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስሜነሽ አንድ ቀን በቴሌቪዥን አይታው፣ እነዚህ ሰዎች ይጫወታሉ ወይስ ቀጠሮ ይጠብቃሉ ብላኛለች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን ደግሞ እዚህ የሚያውቀው የለም፤ ዳኛውን ሲያብጠለጥሉት አይጣል ነው።

እቅዱን የያዘችው አርያም ናት። ስታድየሙን በስልኳ ወንበር በወንበር አሳየችን። አርብ ማታ ርችት አለ ብላ ለአርብ ልትቆርጥ ስትል እናቷ ከለከለቻት፤ አርብ ጾም ነው፣ እዚያ የሚሸጠው ሁሉ ቋሊማ ነው፣ ምን ልንበላ ነው አለቻት። ኦቾሎኒ አለ ብትላት፣ ሦስት ሰዓት ኦቾሎኒ እየፈለፈለ የሚቀመጥ ጦጣ ብቻ ነው አለች። በዚህ ምክንያት ለቅዳሜ ሆነ። አርያም ፓርኪንጉን ቼክ አደረገች፣ ሊፍት ያለበትን በር አገኘች፣ ፀሐይ የማይመታውን ወገን መረጠች። እኔም የቅዳሜ ሺፍቴን እንዲቀይሩልኝ ጠየቅሁ። ቅዳሜ ቲፕ የሚበዛበት ቀን ነውና አለቃዬ ገርሞት ታምመሃል ወይ አለኝ።

ይህ ሁሉ ሊፍትና ጥላ ግን ለእኛ አይደለም፣ ለዋልተር ነው። ዋልተርን በስም ያውቁታል፤ ከሱዳን ስመጣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች አስተባብሮ የተቀበለኝ ስፖንሰሬ ነው። ኤርፖርት ካፖርት ይዞ ነበር የጠበቀኝ፣ በዚያ ሙቀት። ከአፍሪካ የመጣ ሰው ይበርደዋል ብለውት ነው። መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ከረባቴን ያሰረልኝ፣ ስሜነሽን ሳገባ በአባቴ ቦታ የቆመልኝ እሱ ነው። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ በስሜ ብቻ ጥራኝ ብሎ አስለምዶኝ ቀርቷልና አይታዘቡኝ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ሰማንያ ሰባት ሞላው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ብቻውን ነው። ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ከርሞ ይህን ጊዜ የሰው ፊት ላይለይ ይችላል ብሎታል። የሚወደውን ጨዋታ አሁን በሬዲዮ ነው የሚከታተለው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስሜነሽ የሠራችውን ምሳ ስወስድለት ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ አገኘዋለሁ። ዓይኑ ሳይጠፋ አንድ ቀን ሜዳው ላይ ተቀምጦ እንዲያይ ነው ይህን ጉዞ ያሰብሁት።

ከዚህ በስተጀርባ ለማንም ያልነገርሁት ነገር አለ፤ ጥፋቱም ከፊሉ የእርስዎ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ለማርያም ጽዋ የሄድን ዕለት ትዝ ይልዎታል? ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እናታችን ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። ጋሼ ድፎ ዳቦውን እንካ ልጄ ሲሉኝ በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ አደረግሁት። እርስዎ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጡኝ። ቤት ስንገባ፣ እናት የሌለው ልጅ ስግብግብ ነው እንዳይባል፣ ሦስት ጊዜ ሳይለምኑህ እጅህን እንዳትዘረጋ አሉኝ። ያ ቁንጥጫ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱምም እስከ ላስ ቬጋስ ተከተለኝ።

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ነው፣ እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ወር። ዳውንታውን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። ዋልተር ሁለት ትኬት ይዞ መጣና ቅዳሜ ሎስ አንጀለስ ቤዝቦል ላይ ነኝ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይ አለኝ። በዚህ አገር አንድ ሰው የትም እንሂድ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልቤ ዘለለ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ አልሁት። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ ነው እኮ። እሱ እሺ አለና ወጣ።

ተመልሶ ይለምነኛል ብዬ ሱሪዬን ተኩሼ ሰቀልሁ። አርብ አልመጣም። ቅዳሜ በጠዋት ለባብሼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ፤ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣሁም። ለካስ ለአፉ ያህል ነው የጋበዘኝ ብዬ ተቀየምሁት። እሱም ከዚያ ወዲያ ለጨዋታ ጋብዞኝ አያውቅም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በሠርግም በለቅሶም አብረን ስንቆም፣ ያን ቅዳሜ አንዳችንም አላነሣነውም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ምሳውን አቀረብሁለትና ጀመርሁ። ወንበር ተይዟል፣ መኪና አለ፣ እንሂድ አልሁት። አይ፣ አመሰግናለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ይቅርብኝ አለኝ። እኔም አዘንሁ፣ እሺ ብዬ ሳህኑን አጥቤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለስሜነሽ ስነግራት የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። አንተ ሰው፣ ፈረንጅ ሆነህ አረፍኸው? ሽማግሌ አንዴ እምቢ ሲል እሺ ተብሎ ይወጣል? ብላ ጮኸችብኝ። አርያም፣ ኖ ካለ ኖ ነው፣ አታስጨንቁት ብትል፣ እሱ ለማያውቅሽ ሰው ነው አለቻት። ተነሥ አለችኝ፣ ተነሣሁ። ቁልፉን ያነሣችው እሷ፣ የነዳችውም እሷ ናት።

ስንደርስ ዋልተር ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። የሚወደውን የቤዝቦል ቡድን ኮፍያ ጭኑ ላይ አድርጓል። ስሜነሽ ሰላም እንኳ ሳትለው ከእኛ ጋር ትሄዳለህ አለችው። አልሄድም፣ ሸክም እሆንባችኋለሁ አለ። ይሄ ሁለተኛው ነው። እጁን ያዘችና በአማርኛ «በሞቴ» አለችው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት እኛ ቤት ማዕድ ላይ በእሷ ሞት እየተለመነ ሁለተኛ ሳህን ሲጨርስ ኖሯል። ሳቀና፣ ሦስት ሞላ፣ እሄዳለሁ አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተናገረ። የአርያም ክርስትና ቀን ነው የገባኝ አለ። አሮጊቶቹ አልበላም፣ አልበላም እያሉ፣ ሲለመኑ ሲበሉ አይቶ፣ ዳውንታውን ክፍሌ በር ላይ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ያልሁት ትዝ አለው። ያኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ነበርና በምን አፌ ላንሣው ብሎ ተወው። ያን ቅዳሜ ብቻውን ነበር የሄደው። ትኬቴን ለሌላ አልሰጠም። ኮፍያውን ወንበሬ ላይ አስቀምጦ፣ የሚጠይቀውን ሁሉ ሰው አለው እያለ ጨዋታውን ጨረሰ። በዚያው እሁድ ደግሞ እኔ እሺ ብዬ ስወጣ፣ አይ፣ እውነትም አሜሪካዊ ሆኗል ብሎ አዝኖ ነበር። ስሜነሽ ፊት ማልቀስ አፍራለሁ፣ ግን አለቀስሁ።

በመልሱ መኪና ውስጥ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። የምቆጥረው የእርስዎን ነው፣ እትዬ። አርያም ክርስትና ስትነሣ ይምጡልኝ ብዬ ደውዬ ነበር። አይ ልጄ፣ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ፣ ሸክም ነው የምሆንባችሁ አሉኝ። እሺ አልሁ። ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ደገምሁ። አይ፣ አረጀሁ፣ ይቅርብኝ አሉኝ። አሁንም እሺ አልሁ። እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ እሺ ብዬ ስልኬን አስቀመጥሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጅዎን ውብሸትን በስልክ አወጣጣሁት። አይቆጡት፣ ያስለፈለፍሁት እኔ ነኝ። ፓስፖርት እንዳለዎት ነገረኝ። በአርያም ክርስትና ዓመት ያወጡት፣ ጊዜው ባለፈ ቁጥር በዚያ ጉልበትዎ አዲስ አበባ ድረስ እየሄዱ የሚያሳድሱት፣ ለማንም እንዳትናገር ብለው ለእሷ ክርስትና ካሠሩት ጥበብ ጋር ሣጥን ውስጥ የቆለፉበት ፓስፖርት። ሃያ ሦስት ዓመት። ለካስ እርስዎም መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ሳትለምነኝ ለምን ቀረህ ብለው አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ይቅር ይበሉኝ።

እትዬ፣ እናታችን ስታርፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ነበር። እኩዮችዎ ሲዳሩ እርስዎ የእኔን ደብተር ይሸፍኑ ነበር። ዋልተር ደግ ሆኖልኛል፤ ደግነትን አይቼ እንድለይ ያደረጉኝ ግን እርስዎ ነዎት። ለሁለታችሁም አመስግኜ የማልጨርሰው ነገር አለብኝ፤ መስከረም አሥር ቀን በአንድ መደዳ ተቀምጣችሁ ባያችሁ ደስ ይለኛል። እሱ ጨዋታውን ያስረዳዎታል፣ እርስዎም አይገባዎትም፣ ምንም አይደል።

ስለዚህ ይህ ሦስተኛው ነው፤ በሞቴ ይምጡ። አርያም የቪዛውን ፎርም ሞልታለች፣ ቀጠሮውን ከውብሸት ጋር ትጨርሳለች፣ የጥሪውን ወረቀትም ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ቪዛ በእኛ እጅ አይደለም። ከተከለከልንም በከልካዩ ይሁን፤ በእኔና በእርስዎ ይሉኝታ ግን አይሁን።

ውብሸትን ይሳሙልኝ፣ ምላሱ ይባረክ ይበሉልኝ። ሚስቱን አበባየሁን ለአማቷ መድኃኒት ለምታደርገው ክትትል እግዜር ይክፈላት ይበሉልኝ፤ ልጆቹንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለጋሽ ወልደሥላሴ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ ዳቦዎ እስካሁን ጭኔ ላይ አለ ይበሉልኝ። ስሜነሽና አርያም ጉልበትዎን ስመዋል። ዋልተርም ሰላም ብሏል፤ ስምዎን እየተለማመደ ነው።

የቆረጥነው አምስት ትኬት ነው፤ እኛ አራት ነን። እስከ መስከረም አሥር የሚጠይቀኝ ካለ ምን እንደምል አውቃለሁ። ወንበሩ ሰው አለው።

ታናሽ ወንድምዎ
ወንድይራድ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
ግንቦት ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.