ፊንላንዶችና የዘውዱ ክላክስ

ማርች 8፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘውዱ ቀሰቀሰኝ። ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ ቆሞ ጲጵ... ጲጵ። ሁለቴ።

እሱና ባሌ ከሊፋ እዚህ አሜሪካ ካናል ዊንቸስተር ከተማ ያለው መጋዘን ሥራ ከገቡ ጀምሮ በዘውዱ መኪና አብረው ነው የሚሄዱት። ሰፈራችን ኢስትሙር ውስጥ ቤቱ ከእኛ ቀጥሎ ነው፣ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ቢያስነጥስ ይሰማል። ግን አይሆንም... ክላክስ ካልተነፋ ሥራ የተሄደ አይመስለውም። ባሌም ያው ነው። ክላክሱን እስኪሰማ የጫማውን ክር አያስርም፤ እያንጠለጠለ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል።

"ለምን ቴክስት አያደርግልህም?" አልኩት።

"ቴክስት ለባዕድ ነው" አለኝ።

ዘውዱን ረግሜ ተመልሼ ተኛሁ።

ማርች 10፣ ሐሙስ

በዚህ ዕድሜዬ የቤት ሥራ ተሰጠኝ። ኮሌጅ በኦንላይን የጀመርኩት የታሪክ ክላስ ነው። ፕሮፌሰሯ በ1908 ለንደን ላይ ከተደረገው ኦሎምፒክ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አገር አደለችን። ስፖርተኞቹ ምን እንዳደረጉ አንብበን ፔፐር እንጽፋለን፣ ከዚያ በዙም እናቀርባለን። ለአንዱ ስዊድን ደረሰው፣ ለአንዷ ፈረንሳይ። ለእኔ... ፊንላንድ!

ከሊፋ በሳቅ ሞተ። "ከኢስትሙር ተነስተሽ ፊንላንድ? ምናለ የአገርሽን ብትጽፊ?"

"በ1908 ኢትዮጵያ የለችም።"

"እንዴት የለችም!" ሳቁ ጠፋ። ከወንበሩ ተነሳ።

ኦሎምፒኩ ላይ ማለቴ መሆኑን እስካስረዳው ሻዩ ቀዘቀዘ። ልጃችን ሙአዝ ከስልኩ ቀና ሳይል "ዳድ፣ ሪላክስ" አለው። እኔ ልጠይቅ እንጂ... ፊንላንድ ወዴት ናት?

ማርች 16፣ ረቡዕ

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማን ተናገሪ አለኝ?

ማታ ዘውዱ እንደ ልማዱ ሻይ ሊጠጣ መጣ። የቤት ሥራዬን ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ገመድ ጉተታ ኦሎምፒክ ውስጥ እንደነበረ ነገርኳቸው። ሁለቱ ግዙፎች ተያዩ። ዘውዱ መቶ ምናምን ኪሎ ነው፣ ባሌም እግዜር ይስጠው፣ የእኔን ምግብ አያስነቅፍም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኦሎምፒያን ሆነው ሳያውቁት የኖሩ መሰላቸው። ወዲያው ጋሼ ግርማቸውን ኮል አደረጉት። የኮሚዩኒቲውን የሰመር ፒክኒክ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ኢስትሙር ከካናል ዊንቸስተር በገመድ ሊጋጠም ተወሰነ። ከሻይ ወደ ውሳኔ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

"እንደ ኦሎምፒኩ በሰልፍ እንግባ" አለ ዘውዱ።

"ባንዲራ ከፊት አድርገን" አለ ከሊፋ።

"ልሙጡን።"

"ኮከብ ያለውን ነው እንጂ። ሕጋዊው እሱ ነው።"

እኔ ብርጭቆ ላጥብ ገባሁ። እስክመለስ ዘውዱ ሄዷል። ሻዩን አልጨረሰም።

ማርች 17

ክላክስ የለም። እኔ ግን ነቃሁ... ስጠብቅ ነጋ።

ማርች 29፣ ማክሰኞ

ፀሐይወርቅን፣ የዘውዱን ሚስት፣ በአጥሩ አገኘኋት። አሁን የምንገናኘው እንደ ኮረዳ ተደብቀን ነው።

"ያንቺው እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይነፋረቃል። ያንቺስ?"

"ሬዲዮ ከፍቶ ይጮህበታል።"

ጠዋት እኩል ይወጣሉ። ሁለት መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ መጋዘን። ፀሐይ እንደምትለው ፓርኪንጉ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ነው የሚያቆሙት፣ ለምደውት። ጋዝ በዚህ ዋጋ! በምሳ ብሬክ ደግሞ ከሊፋ መኪናው ውስጥ ብቻውን ይበላል።

ምን ተባባሉ? ከሊፋን ስጎተጉተው ሰነበትኩ። ዛሬ አወጣው። "'እናንተ ሰዎች' አለኝ። ዘውዱ! እኔን!"

"አንተስ ምን አልከው?"

ተነስቶ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ። አንድ ነገርማ ብሎታል። አገር ቤት ነገሩ ከከፋ ወዲህ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የተዘጋጀ ቃል አለው። ግን ዘውዱ እኮ ነው... እዚህ ስንመጣ ከሊፋን መኪና መንዳት ያስተማረው። ከሊፋ የመጀመሪያ ቀን የዘውዱን የፖስታ ሳጥን ገጭቶ ሲጥል፣ ወርዶ ሳጥኑን አንስቶ "ጥሩ ነው፣ አሁን ትንሽ ወደ ግራ" ያለው ሰው።

ኤፕሪል 9፣ ቅዳሜ

እኛ ረመዳን፣ እነሱ ሁዳዴ። ሁለቱም ቤት ጾም ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ይነጫነጫሉ፤ ሰበቡን ጾሙ ላይ ይጥሉታል።

ፊንላንዶቼን ሳነብ ዋልኩ። ለካ ያን ጊዜ በራሺያ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ለንደን ላይ በመክፈቻው ሰልፍ የራሺያን ባንዲራ ያዙ ተባሉ። እምቢ! የራሳቸውን ደግሞ አልተፈቀደላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ያለ ባንዲራ ወጡ። ባዶ እጃቸውን፣ ቀጥ ብለው። እያነበብኩ እንባዬ መጣ። ለማያውቁኝ ፈረንጆች!

አገኘሁት፣ አልኩ። በአፍጥር ላይ ለከሊፋ ነገርኩት። "ለምን እንደነሱ ያለ ባንዲራ አትሰለፉም? ጠቡም ይቀር..."

ቴምሩን ይዞ ቆመ። "ባንዲራ የሌለው ሰልፍ ለቅሶ ነው።"

ለፀሐይ ደወልኩ። እሷም ለዘውዱ ነገረችው። ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለቅሶ ነው!" ቃል በቃል። ከተጣሉ ወዲህ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር... እኔን መቃወም።

ኤፕሪል 23፣ ቅዳሜ

ነገ የነዘውዱ ፋሲካ ነው።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ሁለቱ ከካናል ዊንቸስተር ወዲያ ያለው ፋርም ይሄዳሉ። ሁለት በግ። አንዱን ዘውዱ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ አንዱን ከሊፋ ቢስሚላህ ብሎ። የእኛ ሥጋ በእኛ ድስት፣ የነሱ በነሱ፣ ማዕዱ ግን ዘውዱ ቤት ነው። ለዒድ ደግሞ እኛ ቤት ይገለበጣል። ልጆቹ አሜሪካ በሙሉ እንዲህ የሚኖር ይመስላቸው ነበር።

ዛሬ ዘውዱ ብቻውን ሄደ። ከሊፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መኪናዋ እስክትታጠፍ አያት። "ዝናብ ይመጣል" አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

አመሻሽ ላይ ፀሐይ በአጥሩ ድፎ ዳቦ አቀበለችኝ። በጨርቅ ጠቅልላ። "በጉ ዘንድሮ አንድ ነው፣ ሃጁ" አለችና ፊቷን አዞረች። እኔም ገብቼ አለቀስኩ። ለበግ አይደለም የሚለቀሰው።

ኤፕሪል 27፣ ረቡዕ

አቀረብኩ! ሙአዝ ካሜራዬን አስተካከለልኝና "ዩ ጎት ዚስ፣ ማም" ብሎ ከክፍሉ ወጣ፤ በሩ ሥር ሲያዳምጥ ጥላው ይታየኛል።

መጨረሻ ላይ የትግሉን ነገርኳቸው። በግሪኮ ሮማን ትግል በአንዱ ክብደት ፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ፊንላንዶች ናቸው። ያለ ባንዲራ አብረው የመጡ ልጆች እርስ በርስ ተያያዙ። ወርቁም ብሩም አንድ ቤት ገባ። ፕሮፌሰሯ ጥያቄ አለሽ ወይ ስትለኝ፣ መጽሐፉ ያልመለሰልኝ አንድ አለ አልኩ። አሸናፊውና ተሸናፊው በአንድ መርከብ ነው የተመለሱት? ያን ሁሉ መንገድ ምን ተጫወቱ? ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ማታ ለከሊፋም ነገርኩት። ሾርባውን አማሰለ።

"አብረው ነው እንጂ" አለ። "ለአንድ ሰው መርከብ ማን ያወጣል?"

"አንተ ለአንድ ሰው መኪና ታወጣ የለ?"

ሾርባው ጨው አነሰው አለ። አላነሰውም።

ሜይ 2፣ ሰኞ

ዒድ። ቤቱ ሰው ሞላ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከሊፋ ቀድሞ ተነሳ። ዘውዱ አልመጣም።

ጁን 12፣ እሑድ

ፔፐሬ ኤ ማይነስ አግኝቶ ካለቀ ሰነበተ፣ የገመዱ ነገር ግን አላለቀም። ጋሼ ግርማቸው መጥቶ ፈረደ። "ኢስትሙር ያለ ሁለታችሁ ምንም አይደለም። ካናል ዊንቸስተሮቹ በሙሉ ወጣት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሣጥን ነው የሚያነሱት። ባትነጋገሩም አብራችሁ ትጎትታላችሁ።"

"እጎትታለሁ" አለ ከሊፋ። "ባንዲራዬን ግን እይዛለሁ።"

ዘውዱም እንዲሁ ብሎታል አሉ። ጋሼ ግርማቸው ራሱን ይዞ ሄደ።

ጁላይ 16፣ ቅዳሜ

ነገ ፒክኒክ ነው። በትዳራችን ሸሚዝ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ባንዲራ ተኮሰ! እንፋሎት ሁሉ እያደረገ። ፎቶ አንስቼ ለፀሐይ ላክሁላት። እሷም ፎቶ ላከችልኝ፤ ዘውዱ፣ ካውያ፣ ባንዲራ።

እኔ ግን ፈራሁ። ነገ ሰው ፊት አንድ ነገር ከተባባሉ በኋላ መመለሻ የለውም። እስካሁን ቢያንስ ጠቡ በሁለት ቤት መሃል ነው።

ጁላይ 17፣ እሑድ

ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ፓርኩ ጢም ብሏል። ከሉዊስ ሴንተር ድረስ የመጣ አለ። ከሊፋ መኪናውን ጥላ ሥር አቆመ፣ ከኋላው ሌሎች ቆሙበት። ዘውዱ ከመንገዱ ዳር። ሁለቱም ባንዲራቸውን ትራንክ ውስጥ አድርገው የሌላውን እጅ ይጠብቃሉ። ማን ቀድሞ ያወጣ ይሆን?

ጋሼ ግርማቸው ገባው መሰለኝ፣ ተጣደፈ። "ሰልፉ ይቆየን፣ በመጀመሪያ ገመዱን ሜዳው ላይ እንዘርጋ። ገመዱ የታለ?"

"ከሊፋ?"

"ዘውዱ ያመጣል ብዬ..."

"ዘውዱ?"

"እኔማ ከሊፋ..."

ድሮ ቢሆን ይህን መኪና ውስጥ፣ ሥራ ሲሄዱ ይጨርሱት ነበር። ሰው ሁሉ ትራንኩን ከፈተ። ባንዲራ። ባንዲራ። በመጥረጊያ እንጨት ላይ የተሰፋ ባንዲራ። ልሙጥ፣ ኮከብ፣ ልሙጥ... አንዱ ለጥንቃቄ ብሎ ሁለቱንም ይዟል! ገመድ የለም። የጫማ ክር የሚያህል ገመድ የለም።

መጀመሪያ ፀሐይ ሳቀች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ሁለቱ ግዙፎች ብቻ አልሳቁም።

"እኔ አመጣለሁ" አሉ፣ እኩል።

የከሊፋ መኪና ተዘግቶበታል። ዘውዱ ወደ መኪናው ሄደ፣ ገባ፣ አስነሳ። ከሊፋ እዚያው ቆሞ ቀረ፣ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ። መኪናዋ ግን አልሄደችም።

ጲጵ... ጲጵ።

ከሊፋ ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር አሰረ። ሄዶ ገባ።

ልጆቹ እስኪራቡ ቆዩ፤ ሥጋው ተጠብሶ ተበላ። ሲመለሱ ወፍራም ገመድ ይዘዋል፣ በግ በግ የሚሸት። የሱቁ ቀጭን ነው፣ እጅ ይቆርጣል ብለው እስከ በጉ ፋርም ሄደው ተውሰው ነው! ከዚያ ጎተቱ። ከኋላ ከሊፋ፣ ከፊቱ ዘውዱ። ተሸነፉ። ካናል ዊንቸስተሮቹ እንደ ሣጥን አነሷቸው። ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ ወድቀው ለመነሳት ሰው አስፈለጋቸው፤ እንደዚያ ወድቀው ሲስቁ አየሁ።

ሰልፉን ያስታወሰ የለም። ባንዲራዎቹ እንደተተኮሱ ትራንክ ውስጥ ዋሉ። ያለ ባንዲራ ገብተን፣ ያለ ባንዲራ ተጫውተን፣ ያለ ባንዲራ ተሸንፈን ወጣን። ፊንላንዶቼ ትዝ አሉኝ። ግን ትንፍሽ አላልኩም። ካስታወስኳቸው ያወጡታል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

"ምን ተጫወታችሁ?"

"ስለ ገመድ።"

"ያን ሁሉ ሰዓት?"

"ረጅም ገመድ ነው።"

"ይቅርታ ተባባላችሁ?"

ትንሽ ነዳና፣ "ፋርመሩ ለሚቀጥለው ፋሲካ ሁለት በግ ያስቀምጥልናል" አለ።

ጁላይ 18፣ ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ። ጲጵ... ጲጵ።

ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰ። ዘውዱን ረገምኩት፣ ከነመኪናው። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ። ከማርች ወዲህ እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም።