ንገራቸው፣ ቨርጂል

ውድ ቨርጂል፣

ስልክ አላነሳ ስላልክ ነው የምጽፍልህ። አውቶቡሳችን ቱልሳ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆመናል። እኔም ቁጭ ብድግ እያልኩ፣ ወረቀቱን አንዴ ጭኔ ላይ አንዴ የቤዝ ጊታሬ ሳጥን ላይ እያደረግኩ እሞነጫጭራለሁ። ከሄድክ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አልቻልኩም።

ተናደህ መውረድህ አልገረመኝም። ኔልዳ የምትዘፍነውን የዚያን ዘፈን መግቢያ አማሪሎ ላይ ድምፅ ስንሞክር፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተትክ ከስቲል ጊታርህ ያወጣኸው አንተ ነህ። ናሽቪል ስንገባ ግን እንደ አገሩ ልማድ አልበሙን የስቱዲዮ ቅጥር ተጫዋቾች ተጫወቱት፤ ከኔልዳ ጋር በየከተማው የምንዞረው እኛ ወደየቤታችን ተሸኘን። መግቢያህን ከኛ ልምምድ ቅጂ ሰምተው ወሰዱት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አያፍርም፣ አልበሙን አምጥቶ "በደንብ አጥናው፤ ልክ እንደዚህ እንዲሆን" አለህ።

"የገዛ ልጄን እንዳሳድግ በሞግዚትነት ቀጠራችሁኝ እኮ!" ብለህ ሳቅክ። በማግስቱ ዕቃህን ሸክፈህ ወረድክ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። ግን እኔም ተቀይሜሃለሁ። ስንት ዓመት አጠገቤ ኖረህ፣ ደህና ሁን እንኳ አላልከኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዊቺታ የገበሬዎች ባዛር ላይ ስንጫወት፣ ኔልዳ ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ እንደ ድሮዋ ዞር ብላ "ንገራቸው፣ ቨርጂል!" አለች። ሶሎውን፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወትበትን ዙር፣ በስም ጠርታ እንደምትሰጥ ታውቃለህ፤ ያልተጠራ አይነካም። አንተን የተካው ኮልቢ ግራ ገብቶት እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። እኔና ሆይት በቤዝና በድራም ብቻ ባዶውን ዙር አዞርነው። ኔልዳ ፊቷን ወደ ሰው መመለስ አቃታት።

ከመድረክ ስንወርድ ሆይት፣ "ኧረ ኔልዳ፣ የሌለ ሰው ትጠሪ ጀመር? ጠበል ይሻልሽ ነበር" አላት።

"አፍህን ዝጋ አንተ!" አለችው፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። እዚያው ቆማ አሳታሚዎቹ ዘንድ ደወለች። "ቀጣዩን አልበም ከራሴ ሰዎች ጋር ካልሆነ አልዘፍንም" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ብዙ ተጨቃጭቀው እሺ አሏት። ስቲል ጊታሩን ግን የነሱ ሰው ይጫወተዋል አሉ፤ "የእናንተው ጥሎ ሄዷል አይደል?"

"ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት ናሽቪል ስቱዲዮ ከመጣ ቦታው የሱ ነው!" ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ዌንደል፣ ያንን ግትር ሽማግሌ አምጣልኝ። እኔ ብደውልለት እልሁ ይብስበታል። ያኔ መግቢያውን ሲወስዱበት ዝም ማለቴ እንደሚያንገበግበኝ ንገረው" አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ።

አንተ ከሌለህ እኔም አልገባም ብዬ ልጽፍልህ ዳድቶኝ ነበር። ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች የቀዱትን ስመስል ኖሬያለሁ፤ አንዴ እንኳ የራሴ እጅ አልበም ላይ ሲሰማ ማየት እፈልጋለሁ። ስለዚህ እገባለሁ። ሌላ ሰው ካጠገቤ ተቀምጦ ካገኘሁ ግን፣ ደስታው ከጉሮሮዬ አይወርድም። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እንደተቆጣህ ና። ቁጣህን እዚያው ትጫወተዋለህ።

ስቱዲዮው በር ላይ ቆሜ አልጠብቅህም፣ ቨርጂል። ውስጥ ነኝ።

ወንድምህ
ዌንደል