አስር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው

ቢቸና፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአርሴማ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽም ሳንባሽም ደህና ሆነው ያግኛቸው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የእናትሽ ወገብ ክረምት ሲቃረብ እንደ ልማዱ ያስቸግራታል፤ እኔም የደም ግፊቱን ክኒን አላቋርጥም፤ አቋርጣለሁ ብልም እሷ አትፈቅድልኝም።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች፣ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ?» ትለኛለች። ሞጣ የልብስ ሱቅ ያለው ፋንታ፣ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ፣ ዕቃ ሊያመጣ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኢስታንቡል ሊሄድ መሆኑን ሰማሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄጄ ራሴ አስረክበዋለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት ለምን እንዳስፈለገኝ ታውቂዋለሽ። አራት ዓመት ሙሉ እናትሽ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስታስጠጋው «ጓሮ ሥራ አለኝ» እያልኩ ወጥቻለሁ። ጓሮ ምንም ሥራ የለኝም፤ ሦስት የጌሾ ግንድ ነው ያለው።

ከቴሌቪዥን ልጀምር። እኔና አንቺ በሌላ ወሬ ስንጀምር ድሮም አይሆንልንም።

ሞጣ ሳለን የገዛሁት ሃያ አንድ ኢንቹ ሞተ። ብዙ አስጠገንኩት፤ በመጨረሻ ጠጋኙ ራሱ «መምህር፣ ይበቃዋል» አለኝ። አሁን ያለው እንደ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። በዲሹ ከመቶ በላይ ጣቢያ ይመጣል፤ እኔ ግን ያን አንዱን ጣቢያ እናፍቃለሁ። ያኔ የምናየው ሁላችን አንድ ነገር ስለነበር በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ስንገባ ወሬው ከየት ይጀመር ብሎ የሚቸገር አልነበረም። አሁን እኔ አንዱን አይቼ፣ ጎረቤቴ ሌላውን አይቶ፣ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ዝናብ ነው።

የጥያቄና መልስ ውድድሩን ታስታውሺያለሽ? እኔ ከተወዳዳሪዎቹ ቀድሜ ስመልስ አንቺ በደብተርሽ ጀርባ ነጥቤን ትይዢልኝ ነበር። የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ሲድኒ ነው ብዬ ከአቅራቢው ጋር የተጣላሁ ቀን ነጥቡን ሰጠሽኝ። በማግስቱ አትላስ ገልጬ ካንቤራ መሆኑን ሳይ ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም ነጥቡን አልሰረዝሽውም።

አሁን የሚያናድደኝ አትሌቲክሱ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ሲጀመር ደግሞ አምስት ዙር አሳይተው ወደ ዝላይ፣ ከዝላይ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳሉ። ተመልሰው ሲመጡ ሁለት ዙር ቀርቷል። አስር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው! ማን ቀድሞ ገባ የሚለውንማ ዜና ላይ እሰማዋለሁ። እኔ ማየት የምፈልገው አስራ አራተኛው ዙር ላይ ማን ትከሻው እንደከበደው፣ ማን ትንፋሹን እንደደበቀ ነው። ኳሱም ቢሆን በኔ ቤት ተበላሽቷል። ጎል ገብቶ ሰው ከተቃቀፈ በኋላ ዳኛው ሄዶ ቴሌቪዥን እስኪያይ ድረስ ደስታህን ይዘህ ጠብቅ ማለት ምን ይሉታል?

ስለ እናትሽ ፊልም ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በአማርኛ የሚተረጎመውን የቱርክ ተከታታይ ፊልም አንድ ቀን አታስታጉልም። እኔ አፋቸው ሌላ ድምፃቸው ሌላ የሆነ ሰዎችን ማየት ያመኛል። አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያወራ ያዳምጣል፤ በዚያ አገር በር አይዘጋም እንዴ? እያልኩ እነጫነጭ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ግን ዝም ብዬ እናትሽን አየኋት። ሴትዮዋ ስታለቅስ አታያትም። ከሴትዮዋ ጀርባ ያለውን መንገድ ነው የምታየው። ጎንበስ ብላ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ሱቁን፣ ዳገቱን፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ታያለች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አልኳት።

«አርሴማ ዳቦ የምትገዛው እንዲህ ካለው ሱቅ ይሆን?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም አያለሁ። ታሪኩን እስካሁን አላውቀውም። የትኛው የየትኛዋ ባል እንደሆነ ብትጠይቂኝ አልነግርሽም። ባሕሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ጀልባው መቼ እንደሚነሳ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰዉ የት እንደሚጠለል አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ እሑዱ ልምጣ።

እንደምትሮጪ ለእናትሽ በስልክ እንደነገርሻት እኔ አላወቅኩም። እሑድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነጠላዋን ለብሳ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ስትቆይ ጎረቤት ብጠይቅ «ዘመነ ቤት ስትገባ አይቻታለሁ» አሉኝ። ዘመነ ኳስ የሚያሳየው ልጅ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የጨዋታ ሰዓት በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። የእንግሊዝ ኳስ የዓመቱ መዝጊያ ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። እናትሽ ፊት ወንበር ላይ ብቻዋን፣ ከዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሐል፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለች እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ተነሺ እንሂድ» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«አልነሳም።»

«ፈንታነሽ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ልጄ ልትሮጥ ነው። አንተ ከፈለግክ ሂድ፤ ጓሮ ሥራ አለህ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ አድርጋ መልሳልኝ አታውቅም። ልወጣ ዞርኩ። ዘመነ ግን ወንበር ይዞልኝ መጣ። «መምህር፣ ይቀመጡ። ኳሱ የሚጀመረው አስራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለእማማ ብዬ ጣቢያውን ቀይሬዋለሁ» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየ መውጣቱም አሳፈረኝ፤ ተቀመጥኩ። በዕለቱ የተቀመጥኩት በኩራት አልነበረም፤ ይህን እወቂልኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ደውለሽ «አባ፣ ቱርኮች ለእነሱ እንድሮጥ ዜግነት ሊሰጡኝ ነው» ስትይኝ የመለስኩልሽን አንቺ አልረሳሽውም፤ እኔም አልረሳሁትም። «እንግዲያው አባትም እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ለአገራችን ቡድን ሁለት ጊዜ ማጣሪያ ሮጠሽ ሁለቱንም ጊዜ አራተኛ መውጣትሽን፣ የሚወሰደው ሦስት ሰው መሆኑን፣ ጉልበትሽ አብጦ አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻሽን መተኛትሽን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የዘጋሁት።

ሯጮቹ መስመር ላይ ቆሙ፤ ካሜራው አንድ በአንድ እያለፈ ያሳያቸው ጀመር። አንቺ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ አላወቅኩሽም። ከስተሻል። ፀጉርሽን አሳጥረሽዋል። ከሥርሽ ቀይ ባንዲራ ከነጨረቃው ወጣ፣ ከባንዲራው ቀጥሎ ስም ተጻፈ። በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ዘመነ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ባንተ... አምላክ! መምህር፣ የእርስዎ ስም ነው እኮ!»

ልጄ፣ የቱርክ ስም የሰጡሽ ነበር የመሰለኝ። ሌሎቹን ሲሰጧቸው ሰምቻለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየውድድሩ የኔን ስም ይዘሽ እንደምትሮጪ የነገረኝ የለም፤ ጓሮ ስሆን ማን ይነግረኛል?

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «የቱርክ ባንዲራ አይደል እንዴ? ከዳተኛ ናታ!» አለ። እናትሽ ወደ ልጁ አልዞረችም። ወደ እኔ ዞረች። ከኔ አፍ የሰማችው ቃል ስለሆነ፣ ባለቤቱን ነው ያየችው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳስተምር ተማሪ ሲሳሳት አልፌ አላውቅም። ተነሣሁ። ብዙ የምናገረው ያለኝ መስሎኝ ነበር። «ልጄ ናት» አልኩ። ያን ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ።

እስከ አስራ ሰባተኛው ዙር ከፊተኞቹ ጋር ነበርሽ። አሯሯጥሽ አልተለወጠም፤ ግራ እጅሽ አሁንም ይከፈታል። አስራ ስምንተኛው ላይ አምስቱ ሲፈተለኩ ቀረሽ፤ ካሜራውም እነሱን ተከትሎ ሄደ፤ አንቺ ከቴሌቪዥኑ ወጣሽ። ያን ጊዜ ነው የቤጂንጉ ኦሎምፒክ ትዝ ያለኝ። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። አንቴናው በዝናቡ እየዞረ ምስሉ ሲጠፋብን አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወጥተሽ ዘንጉን ያዝሽ። «አባ፣ መጣ?» ትያለሽ፤ «ትንሽ ወደ ቀኝ! በቃ፣ እንዳትነቃነቂ!» እላለሁ። የመጨረሻውን ዙር አንቺ ዝናብ ላይ ቆመሽ፣ እኔ በመስኮት እየጮህኩ ነገርኩሽ። የኛዋ ልጅ ወርቁን ወሰደች። ተንጠባጥበሽ ስትገቢ፣ ሁለተኛ የወጣችው እዚሁ አገራችን ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጥ መሆኗን ነገርኩሽ። አንቺ ምን አልሽኝ?

«አባ፣ ታዲያ ለእሷ ማን ይጮህላታል?»

«ቱርኮቹ ይጮሁላታላ።»

«እነሱ እኮ ልጅ ሆና አያውቋትም» አልሽኝ። እኔ ሳቅሁ። ፎጣ ሰጥቼሽ ዜናውን ማየት ቀጠልኩ።

ዘመነ ቤት ተነሥቼ ጮህኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ የለሽም፤ እኔ ግን «በርቺ! ትከሻሽን ልቀቂው! በርቺ!» እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ዘመነ «ስንት ዙር ቀራት?» አለኝ፤ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት አልኩ፣ ስድስት አልኩ። አምስት ላይ ከኋላ ያሉትም አብረውኝ መቁጠር ጀመሩ። ያ «ከዳተኛ» ያለው ልጅ አብሮ ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ። ካሜራው አንዳንዴ ሲሰፋ ትንሽ ቀይ ነገር በወዲያኛው መስመር ትታያለች፤ «ያቻት!» ይላሉ።

አንደኛዋ ገባች። እሷን በዝግታ መልሰው መላልሰው ሲያሳዩ እኔ ቴሌቪዥኑን ልሰብረው ደረስኩ። በኋላ እሷ ባንዲራ ለብሳ ስትሄድ ከጀርባዋ ስድስተኛ ሆነሽ ገባሽ። ጎንበስ አልሽ፣ አማተብሽ። ያን ጊዜ እናትሽ ተነሥታ እልል አለች። ለስድስተኛ እልልታ ሰምተው የማያውቁ ልጆች ዞረው አዩዋት፤ ቀጥሎ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ኳሱ አራት ደቂቃ አለፋቸው። ማንም አላጉረመረመም ብልሽ ውሸት ነው፤ ሁለቱ አጉረምርመዋል። ሰዓትሽን እጄ መዳፍ ላይ ጻፍኩት፤ እስከ ማግስቱ አልታጠብኩትም።

እናትሽ የቤታችንን በር ስትከፍት «ነገ ጉሮሮህን ያምሃል» አለች። እውነትም ሰኞ ድምፄ ጠፍቶ ዋለ። ድምፄ ሲጠፋ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ የፈለግኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ስትደውዪ ከእናትሽ ጋር ጨርሰሽ ስልኩን ለኔ እንድትሰጠኝ ንገሪያት። እኔ ስጪኝ ማለት አልችልበትም። ስቀበልሽ ዝም ብል ኔትወርክ ነው ብለሽ እንዳትዘጊው።

አንድ አስተያየት ብቻ አለኝ፤ የተመልካች አስተያየት ነው፣ አሠልጣኝሽን ልጋፋ አይደለም። ከሃያኛው ዙር በኋላ ካሜራው ሲያገኝሽ ሦስት ጊዜ ዞረሽ ወደ ኋላ ስታዪ አየሁሽ። በዞርሽ ቁጥር እርምጃ ታጎድያለሽ፣ አንገትሽም ይደክማል። ከእንግዲህ አትዙሪ። ከኋላሽ ያለነው እኛ ነን፤ የትም አንሄድም።

የቢቸናው ጊዮርጊስ በምትረግጪው የሩጫ መም ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ በሰው አገር ስምሽን በፍቅር የሚጠራ አያሳጣሽ።

አባትሽ
ባንተአምላክ