የሬሕማ ነጠላ

ኅዳር 3
ጎረቤቴ ሬሕማ ወገቧ ተይዞ ከአልጋ አልወረደችም። ልጇ ናስራ ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕሪ መጥታ ታሻታለች። የሬሕማ እናትም ከአገር ቤት፣ ከወሎ ደውለው አለቀሱ አሉ...
"ቦታዬን ሰው ይወስድብኛል፣ ጸሐይወርቅ" አለችኝ።
አል-ጣኢፍ ሰፈር ነው ቦታዋ፣ አሮጊት የምታስታምምበት ቤት። ከዓርብ በቀር እዚያው ታድራለች። አራት ዓመቷ። እኛ ዘንድ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ገብታ ቦታዋን ትጠብቃለች።
"አንቺ ግቢልኝ።"
"ገረድ ልታደርጊኝ?" አልኳት። ሳቀች፣ ወገቧን ያዘች።
እሺ አልኩ። ሳጃና ሰፈር የምሸጠው ሻይ ይቆይ።

ኅዳር 4
አሮጊቷን ሐቦባ ይሏቸዋል፣ አያት እንደማለት። ከወገብ በታች አይንቀሳቀሱም። ከጎናቸው አሮጌ ነጠላ ተጣጥፎ አገኘሁ። ቡቱቶ መስሎኝ አጥቤ አሰጣሁት። ከዚያ ላገላብጣቸው ብል... ድንጋይ። ጮኹብኝ።
ለሬሕማ ደወልኩ።
"ነጠላውን የት አደረግሽው?"
"አጠብኩታ።"
"አንቺ ሴትዮ፣ እሱ እኮ እጄ ነው። ከዳሌያቸው ሥር አድርጊና ጫፉን ሳቢ። እሳቸውን አትጎትቺ።"
ሲደርቅ እንዳለችው አደረግሁ። እንደ ሕፃን ዞሩ።

ኅዳር 8
ሐኪም መጣ። ጀርባቸውን ገልጦ ደጋግሞ አየ። "የትኛው ሆስፒታል ነው ያስታመማቸው?"
እኔም አየሁ። አራት ዓመት የተኛ ሰው... አንድ ቁስል የለም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ብቻዋን፣ በአንድ አሮጌ ነጠላ። እኔ በዚህች ሴት ነው ገረድ እያልኩ የምቀልደው?
ሐኪሙ ሲወጣ እመቤቲቱ፣ የሐቦባ ልጅ፣ "የሬሕማ ወገብ አልቋል። አንቺ ቅሪ፣ እጨምርልሻለሁ" አለችኝ። ከሻዬ እጥፍ ነው። እምቢ አላልኩም... ለምን አላልኩም?

ኅዳር 9
ዓርብ። ለሬሕማ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ጨለመ።
"ያዥው እንግዲህ። አንቺም ልጆች አሉሽ።"
"ወገብሽን የጣለው ምን መሰለሽ? ብቻሽን መሳብሽ።"


ኅዳር 10
ለእመቤቲቱ፣ "ሥራው የሁለት ሰው ነው። ሬሕማ ከሌለች እኔም የለሁም" አልኳት።
"ለአንድ አሮጊት ሁለት?"
የነጠላውን ጫፍ ሰጠኋት። ሳበች። ደግማ ሳበች። እናቷ ንቅንቅ አላሉም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ጫፉን እንደያዘች።
"አራት ዓመት ይህን ነበር የምትስበው?"
"በቀን አሥራ ሁለቴ።"
ጫፉን ለቀቀችና፣ "ሲሻላት ትምጣ" አለች።

ኅዳር 26
ሬሕማ ገባች። ሐቦባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘረጉላት። በኮቴዋ አወቋት? ለእኔ አንድ ቀን ዘርግተው አያውቁም።
እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ።
"ቀስ በይ፣ አንቺ ገረድ" አለችኝ።
"እሺ እመቤቴ።"
"ያላ።"
ሳብን። ምንም አልከበዱም።